መርዶ ይዤ በድሬዳዋ ጠላ ቤቶች

ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እግሬ ግን ገና የተመለሰ አይመስለኝም። ባለቤቴ ማታ ማታ በጨው ውሃ እየዘፈዘፈች «ለመሆኑ ምን አየህ?» ትለኛለች። ምን አያለሁ? ጠላ ቤት ነው ያየሁት። አንድ የአርባ ስምንት ዓመት አስተማሪ ክፍሉን ለባልደረባው አደራ ብሎ ባዕድ ከተማ ጠላ ሲቀምስ ሰነበተ ሲባል፣ እናንተ የደብረ ብርሃን ሰዎች ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ከማማታችሁ በፊት ግን ጨርሳችሁ አንብቡልኝ።

ጠላ አምሮኝ አልሄድኩም። መርዶ ይዤ ነው የሄድኩት።

የእናቴን አርባ አውጥተናል። ዘመድ ሁሉ ሰምቶ አንዲት ሰው ብቻ አልሰማችም፤ ታናሽ እህቴ አስካለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔው ሽማግሌ ተቀብዬ፣ እኔው ቀን ቆርጬ ልድራት ስል፣ ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግርማ ከሚባል አንድ የባቡር መካኒክ ጋር ወደ ድሬዳዋ ጠፋች። ሰባት ጋን ጠላ ተጠምቆ ነበር። ያን ጠላ ጎረቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ጠጣልኝ። አባት በሌለበት አባት እኔ ነኝና፣ በሰው ፊት «ከእንግዲህ እህት የለችኝም፣ ደጄንም እንዳትረግጥ» አልኩ። በሰው ፊት የተናገሩት ነገር መመለሻው ይቸግራል። እናቴ ግን በባቡር ሠራተኞች በኩል ተደብቃ ትላላክ ነበር። አስካለ ጠላ እየጠመቀች እንደምትኖር፣ ጠላዋም ስም እንዳወጣ የሰማነው በነሱ ነው። ጦርነቱ መጥቶ ባቡሩ ሲቆም ያም ወሬ አብሮ ቆመ፤ ባቡሩ ዳግም ሲጀምር ወሬው አልተመለሰም። እናቴ በመጨረሻው ሳምንት እኔን አጠገቧ አስቀምጣ የምትጠራው እሷን ነበር።

መርዶ ደግሞ በደብዳቤ አይላክም። ቢላክስ የት ብዬ?

የመጀመሪያው ቀን

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ተቀብዬ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ጥቁር ልብሴን ቤት ትቼ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጥቁሩን የተውኩት ገና ከሩቅ ስታየኝ እንዳታውቅ ነው። ሸኖ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ሰንዳፋ ላይ ለፍተሻ ወርደን በብርድ ቆምን። አዲስ አበባ የደረስኩት ሲመሽ ነው።

ያደርኩት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። ምስር ወጥ አቀረቡልኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ እሱ ግን እራቴን ሳልጨርስ ተቆጣኝ። «ብቻህን ነው የምትነግራት? መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሰው ከየት አመጣለሁ? የማውቀው የለኝ።»

«ጎረቤት ትሰበስባለሃ! ጎህ ሲቀድ ተከባ ትስማ። ማታ አይነገርም፣ ለብቻዋም አይነገርም። ራሷን ብትጥልስ? እስከዚያ ብትጠይቅህ ደህና ናት በላት።»

ይህን ማን አጣው? እኔም አውቀዋለሁ። ሰው ሲደክመው ግን የሚያውቀውንም ሲነግሩት ይናደዳል፤ ተናድጄ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ባቡሩ ከለገሃር በሰዓቱ ወጣ። ናዝሬት ድረስ ደህና ነበርን። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ለደብረ ብርሃን ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። እኛ ጋ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ደስ ይለዋል፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ግድግዳ ይደገፋል። መተሐራን ካለፍን ወዲህ ሰው ሁሉ ከፀሐይ የሚሸሽ ወንበር ፍለጋ ይጋፋ ጀመር። እኔ ደግሞ የሱፍ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነኝ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወፈር ያለች ነጋዴ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆይታ አልቻለችም።

«አቦ አውልቀው! አንተን ሳይ እኔ አላበኝ።»

አንተ አለችኝ። ልጄ ልትሆን ምንም ያልቀራት ሴት! እኛ ጋ ሥጋ ሻጩ እንኳ ለአስተማሪ «እርስዎ» ይላል። ካፖርቴን በእልህ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። አዋሽ ስንደርስ ወታደር የጫነ ባቡር እስኪያልፍ ቁሙ ተባልንና አራት ሰዓት ሙሉ ቆምን። በሁለተኛው ሰዓት ካፖርቱን አወለቅኩ፣ በሦስተኛው ካልሲዬን። ሴትዮዋ ሳትስቅብኝ ማንጎ ልጣ ሰጠችኝ። «ብላ፣ አብሽር፣ ይለመዳል» አለችኝ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠን አደርን።

ሦስተኛው ቀን

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ድሬዳዋ ገባን። ጣቢያው ያለበት ሰፈር ከዚራ ይባላል። መንገዱ በማስመሪያ የተሠመረ ነው፣ በግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሎበታል። ሲያዩት ደስ ይላል። ለማየት ግን ዓይን መግለጥ ያስፈልጋል፤ የኔ በላብ ተደፍኗል።

በቀጥታ የሄድኩት የባቡር ሠራተኞች ወደሚቀመጡበት ጥላ ነበር። «ግርማ የሚባል መካኒክ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

«የትኛው ግርማ? የማን ልጅ?» አለኝ አንዱ።

የአባቱን ስም አላውቅማ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሊነግረኝ ሲል «አልሰማም» እያልኩ ጆሮዬን ስይዝ ኖሬ፣ ያን ቀን ከፈልኩ። ሰውየው በትሕትና ግርማ የሚባሉትን በጣቱ ቆጠረልኝ፣ አብዛኛዎቹ መስመር ላይ ናቸው አለኝ። «ምኑ ነህ?» ሲለኝ «አማቹ» ማለት አቃተኝ። «መተዋወቅ አለን» ብዬ፣ አስካለ የምትባል ጠላ ጠማቂስ ብላቸው የሚያውቅ አጥቼ ሄድኩ።

የተከራየሁት አልጋ ቤት ባለቤት ገና ስታየኝ «አልጋህን ግቢ አውጣው፣ ውስጥ አትችልም» አለች። ውጭ መተኛት! እኛ አገር ውጭ ያደረ ሰው ጠዋት በቃሬዛ ነው የሚነሣ። እዚህ ግቢው ሙሉ በየአጎበሩ ሥር ተደርድሮ ይተኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ ቢራ ስጠይቃት «ነበረ። ከትናንት ወዲያ» አለች። ባዶ ጠርሙስ የመለሰ ብቻ ነው ቢራ የሚያገኘው፤ እኔ ደግሞ ጠርሙስ ይዤ አልመጣሁም። በጀሪካን ውሃ አምጥታ እግሬ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ አልጠየቅኳትም ነበር። ያን ጊዜ ነው ማድረግ ያለብኝን የቆረጥኩት። ስሟን የሚያውቅ ካጣሁ ጠላዋን እፈልጋለሁ። እናቴ ነች ያስተማረቻት፤ የእናቴን ጠላ በጨለማ ቢሰጡኝ አውቀዋለሁ። እህቴን ነው የምፈልገው ብዬ ለሰው መናገሩን ግን አልፈለግኩም። አድራሻዋን ለምን አታውቅም ቢሉኝ ምን እላለሁ?

አራተኛው ቀን

ጠላ ቤት የሚታወቀው እንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ ነው፤ ይህ የትም አገር አንድ ነው ብዬ ነበር። በጠዋት ተነሥቼ ደቻቱን ተሻገርኩ። ደቻቱ ወንዝ ነው ይሉታል፤ ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው፣ ሰው በመሐሉ ይሄድበታል። ማዶው መጋላ ነው። ጠባብ ለጠባብ መንገድ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት፣ በሦስት ቋንቋ የሚጨቃጨቅ ሰው። አንዱን ዐረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምረው በሶማልኛ አጋምሰው በአማርኛ ይጨርሱታል። እዚያ መሐል አንድ አጥር ላይ የተደፋ ጣሳ አየሁና እንደ ቤቴ ዘው ብዬ ገባሁ።

ግቢው ንጹሕ ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ ፈረስ ታስሯል። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ «ቤቶች! እስቲ አንድ ጠላ» አልኩ። አንድ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከጓዳ ወጣ።

«ምን ልስጥህ?»

«ጠላ። ጉሽ ካልሆነ።»

ሰውየው መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ጣሳውን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አቦ፣ የፈረሴን ጣሳ አይተህ ነው? ፍየሎቹ እንዳይልሱት እኮ ነው የሰቀልኩት! ወላሂ ዛሬ ገደልከኝ።»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። የእስላም ቤት ገብቼ ጠላ አዘዝኩ! ተነሥቼ ይቅርታ እያልኩ ወደ በሩ ስሄድ እጄን ያዘኝ። «የት ነው? ቤቴ ገብተህ ሳትቀምስ ትወጣለህ?» ብሎ አስቀመጠኝ፤ ሚስቱን ጠርቶ በወተት የተፈላ የቡና ቅጠል አስመጣልኝ፣ ሆጃ ይሉታል። ጨው ጣል ተደርጎበታል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከቀመስኩት ጠላ ሁሉ በለጠብኝ።

ስሙ ሙሜ ነው፤ ጋሪ ነጂ ነው። ጥሩ ጠላ የሚጠመቅበትን ቤት እፈልጋለሁ ስለው በድጋሚ ሳቀ። «ሰው ለጫት ይመጣል፣ ለጨርቅ ይመጣል። ላንተ ብቻ ጠላ! ግን ትክክለኛ ሰው ነው ያገኘኸው።»

«ትጠጣለህ እንዴ?»

«አስተግፊሩላህ! በምላሴ ነክቼው አላውቅም። ግን ሰካራሙን ወደ ቤቱ የምመልሰው እኔ ነኝ። ከመጥፎ ቤት የወጣ ሰው ጋሪዬ ላይ ይጣላል። ከጥሩ ቤት የወጣ ሰው ይዘፍናል፣ ፈረሱም ይሰማዋል።»

እንዲህ ሆኖ ሳይጠጣ ጠላ የሚያውቅ ሰው መሪ ሆነኝ። ያን ቀን አራት ቤት አዞረኝ። ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉም ጠላ ቤት በቀን ነው የሚሞላው፤ ከሥራ የወጡ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ሠራተኞች ላባቸውን እየጠረጉ ይጠጣሉ። በአንደኛው ቤት ጠላው ማሽላ ነው፣ ምላስ ላይ ይንሸራተታል። በሁለተኛው ጌሾው በዝቶ አፍ ያስራል። ሦስተኛው ኮምጥጧል። አራተኛዋ ጠማቂ ጠላዋን ከንፈሬ ላይ ሳደርስ ፊቴን እያየች ነበር፤ «አልጣመህም አይደል?» አለችኝ፣ አፈርኩ። በየቤቱ የጠማቂዋን ፊት አያለሁ፤ አስካለ አይደለችም። ሙሜ ደግሞ ከውጭ ሆኖ «እሺ አስተማሪ፣ ትዘፍናለህ?» ይለኛል። አልዘፈንኩም። ራሴን እያመመኝ ተመለስኩ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ሙሜ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሆዴ ተነፍቷል፣ ጠላ የሚባል ስም መስማት አልፈለግኩም፤ ግን ተሳፈርኩ። የወሰደኝ ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ የኖሩ የመንዝ ሴት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ቤት ነው። ያገሬ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝና ሲቀዱልኝ በልቤ «ይቺ ናት» አልኩ። ቀመስኩ። አይደለም። ትዕግሥቴ አለቀና «ለመሆኑ እዚህ አገር የገብስ ጠላ የሚጠምቅ አንድ ሰው እንኳ የለም?» ብዬ ጮኽኩ።

ሴትዮዋ ረጋ ብለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ገብሱን ከየት አምጥቼ? ያለው ማሽላና በቆሎ ነው፣ ጌሾውም የሚደርሰን ደርቆ ነው። ደግሞ ሙቀቱስ? እኛ አገር ጠላ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። እዚህ በሦስት ቀን ይደርሳል፣ በአምስተኛው ኮምጣጤ ነው።»

«የእናቴን ጠላ ነው የምፈልገው» አልኩ፣ ሳላስበው።

«እናትህ ራሷ መጥታ ብትጠምቀውም እዚህ የእናትህ ጠላ አይሆንም።»

ወጥቼ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ አገር ሊኖር የማይችል ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ! ከደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክሜው የመጣሁት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ወረደብኝና አለቀስኩ። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ያን ቀን ነው በሰው ፊት ያለቀስኩት። ሙሜ ፈረሱን አቆመ። ነገርኩት፤ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሰባቱ ጋን፣ በሰው ፊት ስለተናገርኩት ሁሉ።

«አላህ ይማራት» አለ። ቀጥሎ ግን ተቆጣኝ። «አንተ ሰውዬ! ሰው እየፈለግክ ጠላ ነው የምትለኝ? እህቴን ብትለኝ ትናንት አገኝልህ ነበር። ድሬ ሰው ይጠፋል እንዴ?»

«ስሟን ጠየቅኩ እኮ። አስካለ የምትባል የሚያውቅ የለም።»

«በስሟ ማን ይጠራታል? እዚህ እኔንም በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ ባለ ጋሪው ነኝ። በል ተናገር፣ እናትህ ስትጠምቅ ሌላ ሰው የማያደርገው ምን ታደርጋለች?»

አሰብኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጋኗን ከከደነች በኋላ አንገቱ ላይ ክር አስራ ባደረ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥርበት ነበር፤ አሥራ አምስት ሲሆን ትከፍተዋለች። ይህን ስነግረው ሙሜ ጭኑን መታ።

«ባለ ክሯ! ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ አዴ ፋጡማ ጎን! ወላሂ እኔ ሟርት መስሎኝ ዓይኔን ከዚያ ክር እመልስ ነበር።»

እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። በሩ ክፍት ነው። ጋኖቹ እስከ አንገታቸው ከደቻቱ በመጣ አሸዋ ተቀብረዋል፣ በላያቸው እርጥብ ጆንያ ተጠምጥሟል፤ ከጆንያው በላይ ክሩ ይታያል። ሁለት ቋጠሮ አለው። አንዲት ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ስስ የድሬ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ ጠላ ታጠልላለች። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ አሁን ይደርሳል» አለች፣ ቀና ሳትል። ድምፅዋ የናቴ ነው። አልቀመጥ ስል ቀና አለች።

ሽክናው ከእጇ ወደቀ። «ጋሼ?»

ጉልበቴን ልትስም ስትወርድ አነሣኋት። እቅፍ አድርጌ ያዝኳት። እሷ ግን ገና እንባዋን ሳትጠርግ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«እማዬስ?»

ከኋላዬ ሙሜ ሳል ሳል ብሎ ፈረሱን ሊያይ ሄደ።

«ደህና ናት» አልኳት። «ሰላም ብላሻለች።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሰይ» አለች። ከዚያ በአጥሩ ላይ «አዴ ፋጡማ! ወንድሜ መጣ! ታላቅ ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። አዴ ፋጡማ፣ አዴ እናት ማለት ነው፣ በስልሳዎቹ ያሉ፣ እስከ ተረከዛቸው ሻሽ የተጠቀለሉ ሴት ናቸው። እየሳቁ ገቡ፤ ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቀረ። ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ አምጥተው ከፊቴ አኖሩ።

የቀረውን ቀን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሙሜ ቦርሳዬን ከአልጋ ቤቱ አመጣልኝ፤ አስካለ ተቀብላ አስቀመጠችልኝና ዶሮ አረደች። ጠላዋን ቀዳችልኝ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከማሽላ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወዝ አለው አልኳት፤ ደግማ ቀዳችልኝ። ያገሩን ሰው በስም በስም እያነሣች ጠየቀችኝ፤ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የጎረቤታችን ውሻ እንኳ አልቀራትም። እኔም መለስኩ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሳቅኩ፣ በሳቄም አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እመልሰዋለሁ። እንደ እኔ ያለ ኩሩ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ለይቅርታ መጣ ብል ማን ያምነኛል? ወዲያው መርዶውን ታውቃለች። ካወቀች በኋላ ደግሞ ለቅሶ ነው፣ ይቅርታዬን ማን ይሰማዋል? እንዲህ ሳወጣና ሳወርድ መሸ።

ግርማ ሲመሽ ከሥራ ገባ። ዘጠኝ ዓመት የጠላሁት ሰው አጭር፣ ዝምተኛ፣ እጁን ግራሶ ያልለቀቀው ሰው ነው። ሰላም ስለው እጁን በሱሪው ጠርጎ ክንዱን አስጨበጠኝ። «ና እስቲ አንድ ጊዜ» ብዬ ወደ ደቻቱ ይዤው ወጣሁና ነገርኩት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ጊዜ ጋቢ ፈትላ ልካልኝ ነበር» አለኝ። «ለዚህ ሙቀት ጋቢ! አንድ ቀን አልለበስኩትም። ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለማንም አልሰጥም።»

እናቴ ጋቢ እንደላከች አላውቅም ነበር። ለማን እንደምትፈትለው ጠይቄያት «የሰው ነው» ብላኝ ነበር። ግርማ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከበርሜሉ ውሃ ጨልፎ ፊቱን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ከዚያ በጓሮ በኩል ወደ አዴ ፋጡማ ሄደ።

ስድስተኛው ቀን

ከአዛን በኋላ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰው መምጣት ጀመረ። አዴ ፋጡማ ቀደሙ፤ ከዚያ ሁለት የሶማሌ ሴቶች፣ ሙሜ በጋሪው ያመጣቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የግርማ የሥራ ጓደኞች። ሙሜ በሩ ላይ ቆመ። ሁላችንም እሷን ልንቀሰቅስ ወደ ቤት ስንዞር አስካለ ጋኖቹ ዘንድ ተቀምጣ አገኘናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ግቡ» አለች። «ስጠብቃችሁ ነው።»

ደንግጬ ግርማን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፣ አልነገራትም።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«አንተ ነሃ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «እማዬ በሕይወት ብትኖር አንተን ባዶ እጅህን ትልክህ ነበር? ለኔ? ያለ በሶ፣ ያለ ቆሎ፣ ያለ አንድ ቁና ገብስ? ቦርሳህን ትናንት ሳስቀምጥልህ አነሣሁት። ካፖርትህ ብቻ ነው ያለው።»

ጢሜን ላጭቼ፣ ጥቁር ልብሴን ትቼ፣ ውሸቱን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ የእናት ስንቅ መያዝ ረሳሁ!

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ከተነገረማ ለቅሶ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሜ ቤቴ ገብቶ እራት በልቶልኝ አያውቅም።» አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። «አንዲት ማታ ላብላው ብዬ ነው።»

አዴ ፋጡማ ከጎኗ ተቀምጠው ትከሻዋን ያዙ። አስካለም ወደ እኔ ዞራ «በል አሁን ንገረኝ። ካንተ አፍ ልስማው» አለች።

መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ እንደ አስተማሪ አሳምሬ ያዘጋጀሁት። አንድም ቃል አልመጣልኝም። «እናታችን ዐርፋለች፤ እኔም በድዬሻለሁ» አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። እሪታው ከቃሌ ጋር አብሮ ተነሣ። የፊተኛውን ሁሉም ሰማ። የኋለኛውን ማንም የሰማው አልመሰለኝም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ጠላ የማይቀምሱት ጎረቤቶች ሩዝና ሻይ እያመላለሱ አበሉን፤ ሙሜ ሥራ ትቶ ውሃ ሲቀዳ ዋለ። እኛ ጋ ቢሆን ንፍሮ ነበር፣ ድንኳን ነበር፣ ቄስ ነበር። እዚያ ምንጣፍና በአራት ቋንቋ የሚያጽናና ሰው ነበር። አልጎደለብኝም። ይቅርታዬን ደግሜ ልናገር ብዬ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ወይም ታለቅሳለች፣ ወይም እኔ አለቅሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ባቡር ጣቢያ ሸኘችኝ። ተሳፍሬ በመስኮት እጄን አወጣሁላት። ፊሽካው ተነፋ።

«ሰማሁህ እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን።» ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጄን እንደያዘች፣ መድረኩ እስኪያልቅ ከጎኔ ሄደች።